የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሞለኪውላዊ ማግኔት በስስ የብረታ ብረት ንጣፍ ላይ ሲያርፍ

ባለፈው እትማችን ስለ ነጠላ ሞለኪውል ማግኔቶች ባቀረብነው አጭር ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ እነዚህ ሞለኪውሎች በስስ የኒኬል ንጣፍ ላይ ሲያርፉ ከንጣፉ ጋር ማግኔታዊ ቁርኝት እንደሚፈጥሩ ጠቅሰን ነገሩን ሳናብራራ አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለዚያው ዐረፍተ ነገር ነው። አንባቢዎቻችን ያልተብራራውን ነጥብ ለይተው በማንሣታቸው ተደስተናል፤ የዚህን ወር ዓምድም ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። በአማርኛ «ብረት» የሚለው ቃል ለአንድ ንጥረ ነገርም ለዘመዶቹ ሁሉም ስለሚያገለግል፣ ከዚህ በታች ንጥረ ነገሩን «አይረን»፣ ወርቅን፣ ኒኬልንና መዳብን የመሳሰሉትን በጅምላ ደግሞ «ብረታ ብረት» እያልን እንጠራለን።

ጥያቄ፦ «አንድ ሞለኪውል ብቻውን ማግኔት ሊሆን ይችላል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው፣ ማግኔት ማለት በውስጡ ያሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው አቶሞች አቅጣጫቸውን አስተባብረው ሲቆሙ የሚገኝ ነገር ነው እያልሁ ነው። ተሳስቼ ይሆን?» (በሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ያስተማሩት ትክክል ነው፤ የሚጨመርበት ነገር ይኖራል እንጂ የሚታረም የለውም። በአንድ የኒኬል ቁራጭ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም የራሱ የሆነ ትንሽ ማግኔታዊ ሞመንት (አቅጣጫ ያለው የማግኔትነት መጠን) አለው፤ ሞመንቱ አቅጣጫውን ጠብቆ እንዲቆም የሚያደርገው ግን የጎረቤቶቹ ግፊት ነው። ኤክስቼንጅ የሚባለው ይህ የእርስ በርስ መስተጋብር በጣም ጠንካራ በመሆኑ ኒኬል እስከ 354 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ቢሞቅ እንኳ ማግኔትነቱን አይለቅም። ከእነዚያ አቶሞች አንዱን ነጥለን ብናወጣው ግን አቅጣጫውን የሚያስጠብቅለት ስለማይኖር ሙቀት ወዲያና ወዲህ ያገላብጠዋል።

ነጠላ ሞለኪውል ማግኔት የሚባለው ይህን የጎረቤት ድጋፍ በራሱ ውስጣዊ አሠራር የተካ ሞለኪውል ነው። የመጀመሪያውና እስከ ዛሬም በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ 12 የማንጋኒዝ አቶሞችን የያዘ ሞለኪውል ሲሆን፣ በ1980 በፖላንዳዊው ኬሚስት ታዴዎሽ ሊስ የተሠራ ነው። በውጭ በኩል ዙሪያውን የተደረደሩት 8 የማንጋኒዝ አዮኖች እያንዳንዳቸው የ2 ስፒን (የማግኔታዊ ሞመንቱ ምንጭ የሆነ የኤሌክትሮኖች ኳንተማዊ ባሕርይ) አላቸው፤ በመካከል ያሉት 4ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው የ3/2 ስፒን ይዘው ከውጭዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆማሉ። ስለዚህ 16 ሲቀነስ 6፣ የሞለኪውሉ ጠቅላላ ስፒን 10 ይሆናል ማለት ነው። ተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ስሌት ነው፤ ውጤቱም በመለኪያ የተረጋገጠ ነው።

በ1993 ሮቤርታ ሴሶሊ፣ ዳንቴ ጋቴስኪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህ ሞለኪውል በ2 ኬልቪን ቅዝቃዜ ውስጥ በማግኔታዊ መስክ አቅጣጫ ከያዘ በኋላ መስኩ ቢነሣለትም፣ የያዘው አቅጣጫ እስኪጠፋ ድረስ ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅ አሳዩ። ምክንያቱ የሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። ሞመንቱ በአንድ ዘንግ ላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መጠቆምን ይመርጣል፤ በጎን መተኛት ግን ኃይል ያስወጣዋል። በአንድ ሸንተረር ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ሸለቆዎችን ያስቡ፤ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ለመሻገር ሸንተረሩን መውጣት ያስፈልጋል፤ ቅዝቃዜው ሲበረታ ደግሞ የመውጫው አቅም ያልቃል። በ1996 የታወቀው አንድ ተጨማሪ ነገር ግን አለ፤ ሞለኪውሉ ሸንተረሩን ሳይወጣ በሥሩ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ኳንተማዊ መሿለክ የምንለው ይህ ነው፤ በኋላ በብረታ ብረት ላይ ለሚሆነውም ነገር ትልቅ ድርሻ ስላለው እባክዎ በልብዎ ያቆዩልኝ። እንግዲህ ለተማሪዎችዎ፣ የተለመደው ማግኔት ጎረቤት እንደሚያስፈልገው፣ ሞለኪውላዊው ማግኔት ግን ጎረቤት ባይፈልግም ብርቱ ቅዝቃዜ እንደሚያስፈልገው ሊነግሯቸው ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «እነዚህ ሞለኪውሎች ወርቅ ላይ ሲቀመጡ ማግኔታዊ ባሕርያቸውን እንደሚያጡ አንብቤያለሁ። ኒኬልም እንደ ወርቅ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረታ ብረት ነው፤ ታዲያ በምን ተለየ? ደግሞስ የቴርቢየም 4ኤፍ ኤሌክትሮኖች በአቶሙ ውስጥ የተሸሸጉ ከሆኑ ከንጣፉ ጋር ማን ያገናኛቸዋል?» (በአዲስ አበባ በማቴሪያል ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ)

መልስ፦ ያነሡት የጉዳዩን ዋና ነጥብ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወርቅ። ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 12 ማንጋኒዝ ሞለኪውል በወርቅ ላይ ለማስቀመጥ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ከማንጋኒዞቹ አንዳንዶቹ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ተቀብለው ባለ ሁለት አዎንታዊ ሙል አዮን እንደሚሆኑ በኤክስሬይ መምጠጥ ልኬቶች ታይቷል። ይህ ከሆነ ከላይ ያሰላነው የ16 እና የ6 ሚዛን ይፈርሳል፤ የሚቀረው ነገርም ያው ሞለኪውል አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ችግር ሞለኪውሉ ሳይበላሽ ማረፉ ነበር። በ2009 ማቴዮ ማኒኒ፣ ሴሶሊና ባልደረቦቻቸው አራት አይረን ያለውን ሌላ ሞለኪውል ድኝ ባለው ሰንሰለት ከወርቅ ጋር አሰሩት። በዚህ ሞለኪውል ውስጥ ሦስቱ አይረኖች በአንድ ወገን፣ መካከለኛው በተቃራኒው ስለሚቆሙ ጠቅላላ ስፒኑ 5 ነው። ከ1 ኬልቪን በታች ሲለካም ሂስተሬሲሱ፣ ማለትም ያለፈውን ማግኔታዊ መስክ የማስታወስ ባሕርዩ፣ በወርቁ ላይ እንዳለ ተገኘ። ወርቅ በራሱ ጠላት እንዳልሆነና ነገሩን የሚወስነው የአቀራረቡ ሁኔታ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ከብርቅዬ ምድር ንጥረ ነገሮች አንዱ ወደ ሆነው ወደ ቴርቢየም እንምጣ። በ2003 ናኦቶ ኢሺካዋና ባልደረቦቹ አንድ የቴርቢየም አዮን ብቻውን፣ በሁለት የፍታሎሲያኒን ቅጠሎች መካከል ሲገባ፣ እንደ ነጠላ ሞለኪውል ማግኔት እንደሚሠራ አሳዩ። ፍታሎሲያኒን ለብዙዎቻችን እንግዳ ቃል ቢሆንም በዓይናችን ግን እናውቀዋለን፤ በቀለምና በማተሚያ ቀለም ውስጥ ያለው ደማቅ ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ የመዳብ ፍታሎሲያኒን ነው። የቴርቢየሙን ሞለኪውል በሁለት ጠፍጣፋ ሰፌዶች መካከል እንደ ተያዘ ዶቃ አድርገው ሊያስቡት ይችላሉ። አንደኛው ሰፌድ በንጣፉ ላይ ይተኛል፤ ሌላኛው ከላይ ይከድናል፤ ዶቃው ንጣፉን ፈጽሞ አይነካውም። ዱቄቱ በቫክዩም ውስጥ ሲሞቅ ሳይበታተን ተንኖ በንጣፉ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ ማረፍ ስለሚችል፣ በገጽ ላይ ለሚደረግ ጥናት ተመራጭ ሆኗል።

ይህ ሞለኪውል ማግኔታዊ ባልሆነ ብረታ ብረት ላይ በቀጥታ ሲያርፍ ትዝታው በእጅጉ ይቀንሳል። የብረታ ብረቱ ነፃ ኤሌክትሮኖች ከሞለኪውሉ ጋር ያለማቋረጥ ይጋጫሉ፤ በሸንተረሩ ሥር የመሿለኩም መንገድ ክፍት ይሆናል። በ2016 በወጣ ሥራ፣ በብር ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ የማግኒዥየም ኦክሳይድ ንብርብር ተነጥፎ ሞለኪውሎቹ በዚያ ላይ ሲያርፉ ሂስተሬሲሱ እጅግ ሰፍቶ ታየ። ብሩ ከሥር እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ሞለኪውሉና ነፃዎቹ ኤሌክትሮኖች በቀጥታ አለመገናኘታቸው ብቻ ነው።

ኒኬል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የኒኬል ኤሌክትሮኖችም ነፃ ናቸው፤ ነገር ግን ስፒናቸው አንድ ወገን ያደላ ነው። ስለዚህ ሞለኪውሉን የሚነካው ግፊት በየቅጽበቱ አቅጣጫ የሚቀያይር ሳይሆን በአንድ አቅጣጫ የጸና ይሆናል። በ2011 አልቤርቶ ሎዲ ሪዚኒ፣ አይቶር ሙጋርሳ፣ ፒየትሮ ጋምባርዴላና ባልደረቦቻቸው ይህንን በሁለት ዓይነት ንጣፍ ፈተኑት። አንደኛው በመዳብ ክሪስታል ላይ የበቀለ ኒኬል ሲሆን ማግኔታዊ አቅጣጫው ከገጹ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ሌላኛው በብር ክሪስታል ላይ የበቀለ ኒኬል ሲሆን አቅጣጫው በገጹ ላይ የተኛ ነው። ያገኙት ውጤት የቴርቢየሙ ሞመንት ከኒኬሉ ሞመንት ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚቆራኝ ነው። በሙያው ቋንቋ አንቲፌሮማግኔታዊ ቁርኝት ይባላል።

አገናኙ ማን ነው ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ቅጠሉ ነው። የቴርቢየሙን ማግኔትነት የሚሸከሙት የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖች በእርግጥም ወደ ውስጥ የተሸሸጉ ስለሆኑ፣ የኒኬሉን ማግኔትነት የሚሸከሙትን 3ዲ ኤሌክትሮኖች በቀጥታ አያገኟቸውም። ከታች ያለው የፍታሎሲያኒን ቅጠል ግን በአንድ ፊቱ ኒኬሉን፣ በሌላው ፊቱ ቴርቢየሙን ይነካል። የቅጠሉ ኤሌክትሮኖች ከኒኬሉ ጋር በመጠኑ ሲቀላቀሉ የኒኬሉን ስፒን አድልዎ ይወስዳሉ፤ ያንኑም በናይትሮጅን አቶሞቹ በኩል ለቴርቢየሙ ያደርሳሉ። ሱፐርኤክስቼንጅ የሚባለው ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም፤ ክራመርስ በ1934 ሐሳቡን ያቀረበው፣ አንደርሰንም በ1950 ያብራራው እንደ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባሉ ጨዎች ውስጥ ማግኔታዊ አዮኖች በመካከላቸው ባለው ኦክስጅን በኩል እንዴት እንደሚገናኙ ለማስረዳት ነበር። አማላጁ መልእክቱን እንዳለ ማድረስ ግዴታው አይደለም፤ የኦርቢታሎቹ (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙባቸው ክልሎች) አቀማመጥና መደራረብ ምልክቱን ሊገለብጠው ይችላል።

አማላጁ ቅጠል መሆኑን ስናውቅ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ፣ በቅጠሉና በኒኬሉ መካከል ያለውን የኤሌክትሮን መጠን ብንለውጥ ቁርኝቱም ይለወጥ ይሆን የሚል ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንንም ሞክረዋል። ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ሊቲየምን ወይም ኤሌክትሮን የሚወስደውን ኦክስጅንን በመገናኛው ላይ ሲያስገቡ የቁርኝቱ ጥንካሬ ተለወጠ። ከዚያ በፊትም በ2009 በአይረን ፖርፊሪን (በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሂም የቅርብ ዘመድ ነው) ላይ በተደረገ ጥናት፣ በኒኬሉ ወይም በኮባልቱ ገጽ ላይ አንድ ረድፍ ኦክስጅን ሲጨመር ቁርኝቱ ከአንድ ወገንነት ወደ ተቃራኒነት ተገልብጦ ነበር። አንድ ረድፍ አቶም ይህን ያህል መወሰኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የአቅጣጫ ዘንግም ጉዳይ አለ። ሞለኪውሉ በንጣፉ ላይ ሲተኛ የሚመርጠው ዘንግ ከገጹ ወደ ላይ የቆመ ነው። የኒኬሉም አቅጣጫ እንደዚሁ የቆመ ሲሆን ሁለቱ ይስማማሉ፤ መስኩ ከተነሣ በኋላ በቴርቢየሙ ላይ የሚቀረው ማግኔትነትም ሞለኪውሎቹ ተከማችተው በዱቄት መልክ ሲገኙ ከሚኖራቸው ይበልጣል። የኒኬሉ አቅጣጫ በገጹ ላይ የተኛ ሲሆን ግን ግፊቱ ሞለኪውሉ በማይወደው አቅጣጫ ስለሚመጣ ብዙም አይረዳውም።

እኔ ከሁሉ የላቀ ቦታ የምሰጠው ግኝት ግን ሌላ ነው። በ2007 ሃይኮ ቬንደና ባልደረቦቹ በኒኬልና በኮባልት ንጣፍ ላይ ያሳረፉት የአይረን ፖርፊሪን በክፍል ሙቀት እንኳ አቅጣጫ ይዞ ተገኝቶ ነበር፤ ትልቅ ሥራ ነው። ያ ሞለኪውል ግን የራሱ ትዝታ ስለሌለው ንጣፉ ሲገለበጥ አብሮ ይገለበጣል፤ እንደ ጥላ ይከተላል። የቴርቢየሙ ሞለኪውል ከንጣፉ ጋር ተቆራኝቶም የራሱን ዘንግና የራሱን ሸንተረር እንደያዘ ነው። በቂ ማግኔታዊ መስክ ሲሰጠው ከኒኬሉ ጋር በአንድ አቅጣጫ ሊቆም ይችላል፤ መስኩ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይመለሳል። ከአንድ ንጣፍ ጋር ሁለት የተለያዩ አቋሞች ሊኖሩት መቻላቸው፣ ማለትም አብሮ መቆምና ተቃርኖ መቆም፣ መረጃ ለመያዝ የሚያስፈልገው መነሻ ነው።

ጥያቄ፦ «ሞለኪውሎቹ አንድ ረድፍ ብቻ ከሆኑና ከሥራቸው ያለው ኒኬል ከእነርሱ የበረታ ማግኔት ከሆነ፣ የእነርሱ አቅጣጫ ተቃራኒ መሆኑ በምን ታወቀ? የኒኬሉ ኃይል አይሸፍነውም ወይ?» (በደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ልጃችን፣ ጥርጣሬሽ ተገቢ ነው። በተለመደው የማግኔት መለኪያ ብንሞክረው በጥምቀት ሆታ መካከል የአንድን ሰው ሹክሹክታ እንደ መስማት ይሆንብናል፤ መለኪያው የሚያየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ የኒኬሉ ድርሻ ሁሉን ይውጠዋል።

መፍትሔው እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ለየብቻ የሚያነጋግር ዘዴ መጠቀም ነው። በሐኪም ቤት ራጅ ብለን የምናውቀው ኤክስሬይ ኃይሉ ተመጥኖ ሲላክ፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የታወቀ ኃይል ላይ አብዝቶ ይመጥጠዋል። ኒኬል በ850 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ ቴርቢየም ደግሞ በ1240 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ይመጥጣሉ፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት አይቻልም። በዚህ ላይ ኤክስሬዩ በክብ የሚሽከረከር ዋልታ እንዲኖረው ይደረጋል፤ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ። ንጥረ ነገሩ ማግኔታዊ አቅጣጫ ከያዘ ሁለቱን እኩል አይመጥጣቸውም። የልዩነቱ መጠን የሞመንቱን ትልቅነት፣ የልዩነቱ ምልክት ደግሞ አቅጣጫውን ይነግረናል። ይህን ልዩነት በ1987 ጊዜላ ሹትስና ባልደረቦቿ በአይረን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩት፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤክስ ኤም ሲ ዲ ይባላል።

«ተቃራኒ ነው» የሚለው ፍርድ የሚመጣው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በጣም ብርቱ መስክ ይሰጣል፤ ያኔ ኒኬሉም ቴርቢየሙም ወደ መስኩ ስለሚዞሩ የሁለቱም ምልክት በአንድ አቅጣጫ መቆምን የሚያመለክት ማነጻጸሪያ ይሆነናል። ከዚያ መስኩ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የኒኬሉ ምልክት እንዳለ ይቆያል፤ የቴርቢየሙ ግን መስኩ ዜሮ ሳይደርስ ተገልብጦ ወደ ሌላኛው ወገን ይሻገራል። ከኒኬሉ በስተቀር ያንን ሊያደርግ የሚችል ግፊት በአካባቢው የለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አየር እጅግ በተመናመነበት ክፍል ውስጥ ነው። ንጣፉ እዚያው ይበቅላል፤ ሞለኪውሎቹም እዚያው ያርፋሉ፤ ልኬቱም አየር ሳይነካቸው ይካሄዳል። ምክንያቱን ከላይ አይተሻል፤ አንድ ረድፍ ኦክስጅን የቁርኝቱን ምልክት ሊገለብጥ የሚችል ከሆነ፣ ለቅጽበት አየር የነካው ኒኬል ሌላ ንጣፍ ሆኗል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። አንድ ሞለኪውል አንድ ቢት የሚይዝበት ሃርድ ዲስክ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው? መቼ?» (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ዘመን ቆርጬ ብነግርዎ ያሳሳትኩዎ ይሆናል፤ የጎደለውን ነገር ግን በግልጽ ላሳይዎ እችላለሁ።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት መጠኑን እናስላ። በአንድ ካሬ ኢንች ላይ አንድ ትሪሊዮን ቢት በሚይዝ ዲስክ ላይ የአንዱ ቢት ስፋት በግምት 25 በ25 ናኖሜትር ነው። የቴርቢየሙ ሞለኪውል ግን ስፋቱ አንድ ናኖሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ በአንድ ቢት ቦታ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ሞለኪውሎች ይደረደራሉ። ሌላው ጥቅም ሞለኪውሎች በኬሚስትሪ ስለሚሠሩ ሁሉም ፍጹም እኩል መሆናቸው ነው፤ የብረታ ብረት ቅንጣት ግን አንዱ ተልቆ ሌላው አንሶ ይወጣል።

ያልተፈታው የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነው። በ2017 አንድ የዲስፕሮሲየም (የቴርቢየም የቅርብ ዘመድ) ሞለኪውል እስከ 60 ኬልቪን፣ በ2018 ሌላ እስከ 80 ኬልቪን ሂስተሬሲስ ይዞ ተገኝቷል። የኋለኛው ከፈሳሽ ናይትሮጅን መፍያ ከ77 ኬልቪን በላይ ስለሆነ ብዙዎችን አስደስቷል። በ2025 ደግሞ 100 ኬልቪን ተደርሷል፤ ይህም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ነገር ግን እነዚህ የዲስፕሮሲየም ሞለኪውሎች አየርና እርጥበት የማይችሉ በመሆናቸው ሳይበላሹ በንጣፍ ላይ ማሳረፍ ከቴርቢየሙ ይልቅ ከባድ ነው። ከፍተኛ ሙቀት የሚችለውና በገጽ ላይ የሚጸናው ገና አንድ ሞለኪውል ሆነው አልተገኙም።

የማግኔት ንጣፍ ድጋፍ ተስፋ የሚሰጠው በዚህ ቦታ ነው፤ እስከ ክፍል ሙቀት የሚዘልቅ ብርታት ከንጣፉ ሊበደር ይችላል። ብድሩ ግን ዋጋ አለው። ቁርኝቱ ከመጠን በላይ ሲጠነክር ሞለኪውሉ እንደ አይረን ፖርፊሪኑ ጥላ ይሆናል፤ ንጣፉ ከሚያውቀው ሌላ የራሱ የሚለው መረጃ አይኖረውም። ሲላላ ደግሞ ሙቀት ይገላብጠዋል። ስለዚህ ትክክለኛውን መጠን መፈለግ ያስፈልጋል፤ ሊቲየም፣ ኦክስጅን ወይም ማግኒዥየም ኦክሳይድ በመካከል የማስገባቱ ሥራ ሁሉ የዚህ ፍለጋ አካል ነው።

በበኩሌ ቶሎ ፍሬ የሚያፈራው ከማከማቻው ይልቅ የስፒን ቫልቩ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ በየቀኑ በሚፈቷቸው ዲስኮች ውስጥ ያለው የንባብ ራስ መነሻው በ1988 አልበር ፌርና ፔተር ግሩንበርግ በየፊናቸው ያገኙትና በ2007 የኖቤል ሽልማት ያሰጣቸው ግኝት ነው፤ ሁለት ማግኔታዊ ንብርብሮች በአንድ አቅጣጫ ሲቆሙና ተቃርነው ሲቆሙ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ይለያያል። ከኒኬል ጋር አብሮም ተቃርኖም ሊቆም የሚችል ሞለኪውል የሁለተኛውን ንብርብር ቦታ ሊይዝ ይችላል። በ2011 የቴርቢየም ሞለኪውሎች በካርቦን ናኖቱዩብ ላይ ተለጥፈው ይህንኑ የቫልቭ ሥራ ሠርተዋል፤ በ2012 ደግሞ የአንድ ቴርቢየም ኒውክለስ ስፒን በኤሌክትሪክ ፍሰት ተነብቧል። ሁለቱም የተሠሩት ከ1 ኬልቪን በታች ባለ ቅዝቃዜ ነው።

ጥያቄ፦ «ንጣፉ በሞለኪውሉ ላይ ስለሚያደርገው ነግራችሁናል። ሞለኪውሉስ በንጣፉ ላይ የሚያደርገው የለም?» (ከጎንደር)

መልስ፦ አለ። በ2012 ያው የ2011ዱ ቡድን ሞለኪውሎቹን በማንጋኒዝ ስስ ንጣፍ ላይ አሳረፋቸው፤ ማንጋኒዝ በውስጡ ያሉት ሞመንቶች እርስ በርስ የሚጣፉበት አንቲፌሮማግኔት ነው። በመስክ ውስጥ ሲቀዘቅዙ የቴርቢየሙ ሂስተሬሲስ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ተገኘ፤ በንጣፉ ውስጥ ተቸክለው የቀሩት ስፒኖችም ከቴርቢየሙ ጋር በአንድ አቅጣጫ ቆመው ነበር። ያቀናቸው ሞለኪውሉ ሊሆን ይችላል። በኮባልት ኦክሳይድ ላይ ግን ይህ አልታየም። ከዚህም የሚገርመው በ2015 የታወቀው ነው፤ 60 ካርቦን ያላቸው የኳስ ቅርጽ ሞለኪውሎች ከመዳብ ወይም ከማንጋኒዝ ስስ ንጣፍ ጋር ሲነባበሩ፣ በራሳቸው ማግኔት ያልሆኑት ሁለቱ ብረታ ብረቶች በክፍል ሙቀት የማግኔትነት ምልክት አሳዩ።

ጥያቄ፦ «ሲንክሮትሮን በሌለበት አገር የሚኖር ተመራማሪ በዚህ ዘርፍ ምን ሊሠራ ይችላል?» (በጅማ የዩኒቨርሲቲ መምህር)

መልስ፦ በእርግጥም በአፍሪካ ምድር ላይ የሚሠራ ሲንክሮትሮን (ለኤክስ ኤም ሲ ዲ የሚያስፈልገውን ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ የቅንጣት ማፍጠኛ) እስከ አሁን የለም፤ ለእኛ ከሚቀርቡት አንዱ በ2017 በዮርዳኖስ የተመረቀው ሴሳሚ ነው። ስሌት ግን እዚሁ ሊሠራ ይችላል፤ በዚህ ዘርፍ የስሌት ድርሻም ከሙከራው አያንስም። በአፍሪካ የኤሌክትሮናዊ አወቃቀር ስሌትን የሚያስተምረው አሴስማ የተባለው ተከታታይ ትምህርት ቤት በ2010 ተጀምሮ በ2018 በአዲስ አበባ ተካሂዷል፤ ኳንተም ኤስፕሬሶን የመሰሉ ፕሮግራሞችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

መነሻ ሥራ ለሚፈልግ ተማሪ የምመክረው የአይረን ወይም የማንጋኒዝ ፖርፊሪንን በጥቂት ረድፍ የኮባልት ወይም የኒኬል ንጣፍ ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ጊዜ የሞለኪውሉን ስፒን ከንጣፉ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላ ጊዜ በተቃራኒው አድርጎ የሁለቱን ጠቅላላ ኃይል ማስላት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቁርኝቱን ጥንካሬና ምልክት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በመካከል ኦክስጅን ጨምሮ ምልክቱ ይገለበጥ እንደሆነ በ2009 ከተለካው ጋር ያመሳክራል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞለኪውሉ በንጣፉ ላይ የሚያርፍበትን ከፍታ የሚወስነው በአብዛኛው የቫን ደር ቫልስ ስሕበት (በሞለኪውሉና በገጹ መካከል ያለ ደካማ መሳሳብ) ስለሆነ የዚህ ማስተካከያ በስሌቱ ካልገባ ከፍታው ይስታል፤ ከፍታው ከሳተ ደግሞ ቁርኝቱ አብሮ ይስታል። የዲ ኤሌክትሮኖችም እርስ በርስ የመገፋፋታቸው ነገር በተለምዶ ሃባርድ ዩ በሚባለው ማረሚያ መያዝ አለበት፤ የመረጠው ዋጋ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጠውም ተማሪው በተለያዩ ዋጋዎች ደግሞ ማየት ይገባዋል። በቴርቢየም መጀመርን ግን አልመክርም፤ የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖቹ ስፒንና ምሕዋር አብረው ስለሚጓዙና የሚፈለገው የኃይል ልዩነትም በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ስሌቱ ትክክለኛውን መነሻ ሁኔታ ሳያገኝ ትክክል የሚመስል ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ያንን ለይቶ ለማወቅ ደግሞ በፖርፊሪኑ ላይ የሚገኘው ልምድ ያስፈልጋል።